የረቡዕና የዓርብ ከረጢቶች

ዓሣ ወረቀቱ ሳይነበብ አይቆረስም። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፤ ሐይቁ ከታጠረ ወዲህ ባሉት ሃያ ሦስት ዓመታት የመጣ ልማድ ነው። ከእያንዳንዱ ዓሣ ጋር የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት ትመጣለች። ዓሣው በየትኛው ገንዳ እንዳደገ፣ ስንት ቀን እንደኖረ፣ በመጨረሻው ሳምንት በየዕለቱ ምን እንደበላና ማን እንዳበላው ተጽፎባታል። ቤተሰቡ ገበታውን ከብቦ ይቀመጣል፤ ከመካከላቸው ዓይኑ ደኅና የሆነው ያነባል፤ ከዚያ ይበላል። በደምበል ዳርቻ ብዙ ልጆች ፊደል የለዩት በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው።

የካቲት ሃያ ሰባት ቀን፣ እሑድ፣ ጋሽ ቱፋ ጉደታ ወረቀቷን ራሳቸው አነበቡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ተወልደው፣ አጥሩ እስኪቆም ድረስ በደንገል ጀልባ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከፊታቸው የተቀመጠው ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ቀርቦለታል። ከገበታው ማዶ ልጃቸው ደጊቱ ተቀምጣለች። ዓሣው የመጣው እሷ ከምትሠራበት ከከተማው ኮሌጅ ነበር፤ ሃያ ሳምንት የፈጀው የመኖ ሙከራ ስላለቀ ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች ለቅምሻ የተሰጠ ነው።

«ሁለተኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ ገንዳ» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ ወረቀቷን ከዓይናቸው አርቀው። «ሰኞ፦ የቄራ ደም። ማክሰኞ፦ የቄራ ደም። ረቡዕ፦ የቄራ...»

ቆም አሉ። ቀሪውን በልባቸው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቷን ለሁለት አጠፏት።

«ይሄ አንቺ ነሽ?»

«ስሜ ነው አባባ።»

«ስምሽንማ አውቀዋለሁ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ለዓሣ ደም ታበያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«ዓሣ አይጾምም እኮ።»

«ዓሣውን ማን ጠየቀው?»

ደጊቱ ዳጣውን ከሳህኑ ጫፍ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ጫፍ ገፋችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። አባቷ ሲቆጡ ዝም ማለት ትችልበታለች። በዚያን ዕለት ግን የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ያፈሩ ይመስሉ ነበር። እሱን አልቻለችበትም።

«ዛሬ እሑድ ነው» አሉ ጋሽ ቱፋ ሳህኑን ወደ እሷ እየገፉ። «ሳምንት ሑዳዴ ይገባል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ዓሣ ልብላ ብዬ ነበር። ይሄ ግን በጉሮሮዬ አይወርድም።»

«አልሰጠኋቸውም» አለች ደጊቱ።

«ምኑን?»

«ደሙን። ረቡዕና ዓርብ አልሰጠኋቸውም። አንድ ቀንም።»

ጋሽ ቱፋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ፊታቸው ለአንድ አፍታ በራ። ከዚያ ወረቀቷን ዘርግተው እንደገና አዩአትና ብርሃኑ ጠፋ።

«ታዲያ ይቺስ?»

«ወረቀቷ የምትጽፈው የጎተራው ሚዛን የነገራትን ነው። ሚዛኑ የሚያውቀው ደግሞ ከጎተራው የወጣውን እንጂ ውኃው ውስጥ የገባውን አይደለም።»

«በስምሽ ትዋሻለቻ።»

«አዎ።»

«የሙከራው መምህር ያውቃል?»

«አያውቅም። ነገ ሪፖርቱ ላይ ማኅተም ያርፋል።»

ጋሽ ቱፋ ወረቀቷን ከዳጣው ራቅ አድርገው አስቀመጡ። «እንግዲህ» አሉ፣ «ይቺ ስትታረም እበላለሁ።»

ደጊቱም አልበላችም። ዓሣው ቀዘቀዘ።

የመጋቢነት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በከተማው ውስጥ አሥራ አንድ ናቸው። ሕይወት ያለው ዓሣ መንካት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ በአጥሩ ውስጥ፣ በሐይቁ ዳርቻ በነጻነት የሚራመዱትም እነሱና ጥቂት መምህራን ናቸው። ሌላው ነዋሪ በሳምንት ሃያ ደቂቃ የሐይቅ ሰዓት አለው። ተራው ሲደርስ በአጥሩ መስኮት ቆሞ ውኃውን ያያል፤ ደወል ሲደወል ለቀጣዩ ይለቃል። የጋሽ ቱፋ ተራ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ቢዘንብም አይቀሩም፤ በሃያ ደቂቃው ውስጥም ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ደጊቱ ግን ውኃውን በየቀኑ ታሸተዋለች። ፈቃዷ ላይ ከስሟ ሥር የተጻፈው ደንብ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሐሰት ምዝገባ ያስመዘገበ መጋቢ ፈቃዱ ለዘለዓለም ይሰረዛል ይላል።

ሙከራው የመምህር ናሆም ነበር። ናሆም ወልደሰንበት በኮሌጁ የዓሣ እርባታ ያስተምራል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲደሰት ቶሎ ቶሎ ይናገራል። በሐይቁ ዙሪያ ላሉት ሰባት ከተሞች ገንዳዎች የሚሆን መኖ ፈልግ ተብሎ ሁለት ዓይነት አዘጋጀ። የመጀመሪያው ረድፍ የኑግ ፋጉሎና የደረቀ እምቦጭ ይበላል። ሁለተኛው ረድፍ ከቄራ የሚመጣ ደም፣ ደርቆና ተፈጭቶ ይሰጠዋል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን አንዱን ረድፍ የጾም፣ ሌላውን የፍስክ ብለው ሰየሙ። ቀልድ ነበር። ስሙ ግን ቀረ፤ ናሆም ራሱ በስብሰባ ላይ «የፍስኩ ረድፍ» ሲል ይሰማ ነበር።

ሁለቱንም ረድፍ የምታበላው ደጊቱ ናት። በእናቷ ቤት ከሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነበር፤ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የጾሙ ከፍስኩ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም። ጥቅምት አሥር ቀን፣ በሙከራው የመጀመሪያ ረቡዕ ጠዋት፣ ከጎተራው ሦስት ኪሎ የደም መኖ በባልዲ ቀድታ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሄደች። ዓሣዎቹ ጥላዋን አይተው ወደ ላይ መጡ። ባልዲውን አነሳች። ከዚያ ባልዲውን መልሳ አስቀመጠችው። እጇ እምቢ አለ፤ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር መኖው ነበር። ጎተራው መልሶ አይቀበልም። ከግቢው ይዞ መውጣት አይቻልም፤ ሰዎች አፍንጫው የሚሉት የመውጫ በር የእያንዳንዱን ሰው እጅና ኪስ አሽትቶ ነው የሚያሳልፈው። መጣል ደግሞ አልሆነላትም፤ የእሷ ንብረት አይደለም። ስለዚህ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ፣ አፉን በሲባጎ አስራ፣ «ረቡዕ ጥቅምት 10» ብላ ጻፈችበት፤ ማንም በማይገባበት በአሮጌው የጀልባ መጋዘን ውስጥ ሰቀለችው። ዓርብ ሌላ ሰቀለች።

ዓሣዎቹ ይከሳሉ ብላ ስትጠብቅ አልከሱም። ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ውኃው የፈላ እስኪመስል ድረስ እየተሻሙ ይበላሉ። በኅዳር አጋማሽ የፍስኩ ረድፍ የጾሙን ረድፍ በመጠን አለፈው። ናሆም ተደሰተ። ደጊቱ ልትነግረው ባሰበች ቁጥር ከረጢቶቹን ትቆጥራለች፤ አሥራ ሁለት ሲደርሱ መቁጠር ተወች። ስለ አንዱ መናገር ይቻል ነበር። ስለ አሥራ ሁለቱ እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

ሰኞ ጠዋት ደጊቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ናሆም ቢሮው ውስጥ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሪፖርቱ ተዘርግቷል።

«እትዬ ደጊቱ! ይምጡ፣ ይዩት!» አለ። «የፍስኩ አማካይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ግራም። የጾሙ ሦስት መቶ አምስት። ደም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስምዎን ከእኔ ስም ሥር አስገብቼዋለሁ።»

«መምህር፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። የውኃው አሞኒያ። በሳምንት ሁለት ቀን ዝቅ ይላል፤ ዝም ብሎ ዝቅ! መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት። አዲሱም ያንኑ አደረገ። እሱንም ቀየርኩት።»

«ስለ እሱ ነው የምነግርዎ።»

«ከማኅተሙ በኋላ፣ በእመቤቴ። አሁን የሚነግሩኝ ነገር ጆሮዬ አይገባም። ሌሊቱን አልተኛሁም።»

ደጊቱ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። በላዩ ላይ የተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች መሐል ለመሐል አንድ ጠባብ የውኃ መንገድ ትተዋል፤ በዚያች መንገድ ላይ ሁለት ይብራዎች ይዋኛሉ። ከዛሬ በኋላ ይህን የምታየው በሳምንት ሃያ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የእሷ ተራ በየትኛው ቀን እንደሚመደብ አሰበች። ከአባቷ ጋር ሐሙስ ቢያደርጉላት ጥሩ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ማኅተም ያዥዋ መጣች። ወይዘሮ ረውዳ ሙዘይን ትባላለች፤ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሻርፗን እያስተካከለች የምታስብ ሴት ናት። ማኅተሙ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ካተመችው በኋላ የመኖው ሠንጠረዥ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ሰባቱ ከተሞች ይሄዳል፤ በማግሥቱ ጠዋት በየገንዳው ያሉ ጎተራዎች በዚያ ልክ መኖ ማውጣት ይጀምራሉ።

ሪፖርቱን ገጽ በገጽ አነበበች። ናሆም የሸሚዙን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«የደም መኖ፣ በሳምንት ሰባት ቀን፣ በተጠቀሰው መጠን» አለች በመጨረሻ። ከዚያ በየጊዜው እንደምትጠይቀው ጠየቀች፦ «መጋቢዋ ይመሰክራሉ?»

ይህ ጥያቄ የወግ ነበር። ሁሌም መልሱ አዎ ነው፤ ከመልሱ በፊት ማኅተሙ ከአንገት ወልቆ ይዘጋጃል።

«አልመሰክርም» አለች ደጊቱ።

ረውዳ ማኅተሙን እንደያዘች ቀና አለች። ናሆም ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«እትዬ ደጊቱ፣ ቀልድ ነው?»

«አይደለም መምህር። ሰባት ቀን አይደለም። አምስት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ለፍስኩ ረድፍ ምንም አልሰጠሁም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ረውዳ።

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«ለምን?»

ደጊቱ ወደ ናሆም አየች፤ ከዚያ ወደ ረውዳ ሻርፕ። «ጾም ነዋ» አለች።

ናሆም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዓሣ አይጾምም» አለ በቀስታ።

«አባቴንም እንደዚያ አልኩት። አልሰማኝም።»

«ደግሞስ ጾመ ነቢያት ነበር በመሐሉ! አርባ ምናምን ቀን! እሱንስ?»

«እሱን እኔ ጾምኩት። ዓሣዎቹን ያን ያህል ባስርባቸው ያልቁብኛል። እንደዚያም ጅል አይደለሁ።»

ረውዳ ሻርፗን አስተካከለች። «በረመዳን ቢሆን ኖሮ» አለች ፈገግ ሳትል፣ «ቀን አስርበው ማታ ያጠግቧቸው ነበር ማለት ነው።» ማኅተሙን ግን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችው። «መኖው የት ሄደ?»

«አለ።»

«ሁሉም?»

«ከግቢ አልወጣም። ይምጡ ላሳይዎት።»

የጀልባ መጋዘኑ በሐይቁ ዳርቻ ነው። ውስጡ ሐይቁ ሳይታጠር የተሠራ አንድ የደንገል ጀልባ አለ፤ ኮሌጁ ለማስተማሪያ ያስቀመጠው ነው፤ ስለ እሱ የሚያስተምር ሰው ግን ከጠፋ ቆይቷል። ከረጢቶቹ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በሲባጎ ተሰቅለው ነበር። አይጥ እንዳይደርስባቸው በመካከላቸው የእጅ ርዝመት ተትቷል። በየአንዱ ላይ ዕለቱና ቀኑ በደጊቱ ትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። ናሆም በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አቀና።

«እመቤቴ ድረሽልኝ» አለ።

ረውዳ ከአንድ ጫፍ ጀምራ ቆጠረች። ጨርሳ እንደገና ከሌላው ጫፍ ቆጠረች።

«ሠላሳ ስምንት» አለች። «ሃያ ሳምንት ነው። በሳምንት ሁለት ከሆነ አርባ መሆን ነበረበት።»

ደጊቱ ወደ ላይ አየች። «አርባ ነው እንጂ» አለች።

«ሠላሳ ስምንት ነው እትዬ። ሁለቱ የት ናቸው?» የረውዳ ድምፅ አልተለወጠም። «ስሕተት አንድ ነገር ነው። የጠፋ መኖ ሌላ ነገር ነው። ይሄን ያውቃሉ።»

ደጊቱ ታውቃለች። ከከረጢት ወደ ከረጢት እየሄደች ማንበብ ጀመረች፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ሲባጎው ተበጥሶ ወድቆ ይሆን ብላ ከጀልባው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች። ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ማን ይወስዳል? ማን ገብቶ? ተነሥታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ረቡዕ ታኅሣሥ 27 የሚለውን አነበበች። ቀጥሎ የተሰቀለው ረቡዕ ጥር 4 ነበር። ሁለቱን ከረጢቶች በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በደንገሉ ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ገና ነው» አለች።

«ምን?» አለች ረውዳ።

«ገና ዓርብ ነበር የዋለው። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ።»

«ዓርብ ቢውልስ?»

«አይጾምማ!» አሉ ደጊቱና ናሆም በአንድ ድምፅ።

«ጥምቀትም ረቡዕ ነበር» ቀጠለች ደጊቱ፤ ትንፋሿ እየተመለሰ ነበር። «በዓሉ ረቡዕና ዓርብ ከዋለ ጾሙ ይሻራል፣ ይበላል። እኔም በላሁ፤ እነሱንም አበላኋቸው። ሦስት ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ። ረስቼው ነው፤ እንደ ሌላው ቀን ነው ያበላኋቸው፣ ምን ያስታውሰኛል?»

ረውዳ የሁለቱን ከረጢቶች ቀን ራሷ አነበበች። «አምንዎታለሁ» አለች። «ግን የእኔ እምነት አይጻፍም። ይሄን የሚያረጋግጥ ሌላ ነገር አለ?»

ናሆም ከመጋዘኑ ወጥቶ ሮጠ፤ አዲሱ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ይውለበለብ ነበር። ሲመለስ ዓሣ በበላ ቁጥር በውኃው ውስጥ የሚጨምረውን መርዝ፣ የአሞኒያውን መዝገብ ይዞ ነበር፤ ረጅም ወረቀት ነው፤ በጀልባው ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋው። መስመሩ ሃያ ሳምንት ሙሉ እንደ ደረጃ ይወጣና ይወርዳል፤ ይወጣል፣ ረቡዕ ይወርዳል፤ ይወጣል፣ ዓርብ ይወርዳል።

«ይኸው» አለ እያለከለከ። «ገና። አልወረደም። እስከ ማክሰኞ ጥር ሦስት ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ ቀይ መስመሩን ነካ። ያን ቀን ፓምፑ ነው ብዬ ሙሉ ቀን ስፈታው ዋልኩ! ይኸውላችሁ ጥምቀት። አልወረደም። በማግሥቱ የቃና ዘገሊላ ዕለት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው አየር ሲስቡ፣ ታቦት ልሸኝ ከወጣሁበት ጠሩኝ። አስታወሱ እትዬ ደጊቱ?»

«አስታውሳለሁ። ነጭ ልብስዎን ጭቃ አደረጉት።»

«ሁለት ጊዜ መለኪያ ቀየርኩ እኮ!» አለ ናሆም። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው መጣበት፤ በጀልባው ጠርዝ ከደጊቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳቀ። «ሁለት መለኪያ፣ አንድ ፓምፕ! እኔ ራሴ ረቡዕና ዓርብ እየጾምኩ፣ የሚወርደው ረቡዕና ዓርብ መሆኑን እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ...»

ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። መስመሩን እንደገና አየ፤ ጣቱን ከገና ተነሥቶ ቀይ መስመሩ ላይ እስከሚደርስበት ድረስ ቀስ አድርጎ ሳበው።

«ስድስት ቀን» አለ። «ስድስት ቀን ተከታትለው ሲበሉ እዚህ ይደርሳል። ዛሬ ሰባት ቀን ተብሎ ታትሞ ቢሆን...»

በየገንዳው ያለው ዓሣ ሁሉ ያልቅ ነበር። ሰባቱ ከተሞች በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ ይታደላሉ፤ ገንዳዎቹም የኮሌጁን ዐሥር እጥፍ ናቸው።

ከረጢቶቹን አወረዷቸው። ረውዳ አንድ በአንድ በሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻቸው። መሆን የነበረበት አንድ መቶ አሥራ አራት ኪሎ ነው። ሚዛኑ አንድ መቶ አሥራ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አለ። የረቡዕ ጥር 25 ከረጢት ጥግ ላይ የአይጥ ጥርስ ተገኘ፤ ረውዳ እሱንም ጻፈችው።

«አሁን ስሙኝ» አለች እጇን ከዱቄቱ እያራገፈች። «ከማኅተም በፊት መጋቢው በራሱ አንደበት ካመጣው፣ መኖውም ከተገኘ፣ እርማት ይባላል። ፈቃድ አይነካም። ከማኅተም በኋላ ቢሆን ሌላ ስም ነበረው፤ እኔም እዚህ ተቀምጬ አልሥቅም ነበር።» እስካሁን ግን አልሣቀችም ነበር። አሁን ፈገግ አለች። «ሠንጠረዡን አምስት ቀን ብለው ያስተካክሉት መምህር። የታየውን ነው የማትመው።»

ደጊቱ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በተከፈተው በር ሐይቁን ታይ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ከትከሻዋ ያልወረደ ነገር እንደነበረ ያወቀችው አሁን ሲወርድ ነው።

«ግን ደሙ ነው ያሳደጋቸው ወይስ ረሃቡ?» አለ ናሆም ለራሱ። «ይሄን አላውቅም። አሁን ምንም አላውቅም።» እንደዚህ ሲል የከፋው አይመስልም ነበር። «እንደገና መሥራት አለብኝ። አራት ረድፍ። ሁለቱ ይራባሉ፣ ሁለቱ አይራቡም። ከፋሲካ በኋላ እንጀምራለን።»

«ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ይበላል» አለች ደጊቱ።

«አይ፣ አሁን ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ! ከጾም ጋር የማይገናኝ ቀን። ሰኞና ሐሙስ ይሁን።»

«ሰኞና ሐሙስ የኛ ነው» አለች ረውዳ። «እናቴ ዓመቱን ሙሉ ትጾመዋለች።»

ናሆም ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ። «ማክሰኞና ቅዳሜ!» አለ። «የማክሰኞና የቅዳሜ ባለቤት አለ?»

ሁለቱም አሰቡ። አልተገኘም።

መጋቢት አራት ቀን የቅበላ እሑድ ነበር፤ በማግሥቱ ሑዳዴ ይገባል። ደጊቱ ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከሦስተኛው ገንዳ ሌላ ቆሮሶ ይዛ መጣች። እንደ መጀመሪያው ሙሉውን ጠበሰችው። ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ወረቀቷን አነሡ። ከላይ «የታረመ» የሚል አለባት። እሱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሰኞ፦ የቄራ ደም። ማክሰኞ፦ የቄራ ደም። ረቡዕ፦ ምንም። ሐሙስ፦ የቄራ ደም። ዓርብ፦ ምንም።» ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አቀረቧት። «እዚህ ጋ፣ ምንም በሚለው ቀንም ስምሽን ጽፈውታል። መጋቢ፦ ደጊቱ ቱፋ ይላል። ምንም ያላበላሽበት ቀን?»

«እዚያው ነበርኩ እኮ አባባ» አለች ደጊቱ። «ባልዲውን ይዤ።»

ጋሽ ቱፋ ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከዚህ በፊት የአንዱንም ዓሣ ወረቀት አስቀምጠው አያውቁም። ዓሣውን ከጭንቅላቱ በኩል ጀመሩ፤ በጀልባ ዘመናቸው ለአጥማጁ የሚቀረው ጭንቅላቱ ነበር። ሎሚውን ጨምቀው፣ ዳጣውን አጥቅሰው፣ በሉ። ሲጨርሱ ሳህኑ ላይ የቀረው አከርካሪው ብቻ ነበር።

«አሁን ይግባ ጾሙ» አሉ።